ጥያቄ አለኝ፦ ካሜራና ማንቂያ ከማስገጠማችን በፊት

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቤት ጥበቃ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ 250 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ 1 ቤት አለን። ሁለት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰጡን፤ አንዱ በ4 ካሜራ፣ ሌላው በ8 ካሜራ። ዋጋቸው ግን ተቀራራቢ ነው። ባለቤቴ 8ቱ ይሻላል ይላል፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። (ከአያት)

መልስ፦ የካሜራው ቁጥር እጥፍ ሆኖ ዋጋው ካልጨመረ፣ ባለ 8ቱ ፕሮፎርማ የሆነ ቦታ ላይ ቀንሷል። የሚቀነሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን ከማያየው ነው፤ ከኬብሉ፣ ከሀርድ ዲስኩና ከመብራት መጠባበቂያው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም ድርጅቶች በዝርዝር እንዲጽፉ መልሱላቸው። “ካሜራ ከነገጠማው ኮምፕሊት” የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የእያንዳንዱ ካሜራ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ የመቅጃው ዓይነት፣ የዲስኩ መጠንና ዓይነት፣ ኬብሉ ከምን እንደተሠራና ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የባትሪው አቅም፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ይጻፍ።

ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚታየው ኬብሉ ነው። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ንጹሕ መዳብና በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከጥቅሉ ጫፍ አንዱን ሽቦ ላጥ አድርጋችሁ በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ብልጭ ካለ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክን የሚያግደው ከመዳቡ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ካሜራ ቢበላሽ በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ግን ሊሾና ቀለም ያስፈርሳል። በዚህ ጉዳይ አትደራደሩ።

ቀጥሎ ዲስኩ። አንድ ካሜራ ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ መጠን በሚቀንስ አቀራረጽ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይፈጃል። 4 ካሜራ 86 ጊጋባይት ነው፤ 2 ቴራባይት ዲስክ የሦስት ሳምንት ምስል ይይዝላችኋል። 8 ካሜራ በ1 ቴራባይት ከሆነ ግን 6 ቀን ሳይሞላ የድሮውን እያጠፋ በራሱ ላይ መቅዳት ይጀምራል። ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ በሳምንቱ ብትመለሱ፣ በሄዳችሁ ማግስት የሆነው ነገር ጠፍቷል። ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም የሲጌት ስካይሆክ ዓይነት። የኮምፒውተር ዲስክ 24 ሰዓት ያለ ዕረፍት እንዲጻፍበት አልተሠራም። ያገለገለ ዲስክ በአዲስ ስም እንዳይገባባችሁ ደግሞ መቅጃው ሜኑ ውስጥ የዲስክ ጤንነት የሚለውን አስከፍታችሁ የሠራበትን ሰዓት አንብቡ። አዲስ ዲስክ የጥቂት ሰዓት ዕድሜ ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ብዛቱ። 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ሰፊ ቦታ ያያል፤ የማታውቁትን ሰው ፊት ለይቶ የሚያሳየው ግን እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ እይታው ይጠብና እስከ 10 ሜትር ድረስ ፊት ይለያል። ሁሉም 2.8 ከሆኑ 8ቱም ካሜራ የሚያሳየው “አንድ ሰው ገባ” የሚለውን ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ለእናንተ ቤት አራት በቂ ነው፤ አንዱ ግቢው በር ላይ፣ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ የሚገባውን ሰው ፊት ለፊት የሚያይ፤ አንዱ መኪና ማቆሚያው ላይ፤ አንዱ ከጓሮ በኩል ሰርቪስ ቤቱና ከጎረቤት ጋር የሚያዋስናችሁ አጥር በአንድነት በሚታዩበት ማዕዘን፤ አንዱ ሳሎን በሩ ላይ። የበሩ ካሜራ ከፍታ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሥር ከተሰቀለ የሚቀዳው ኮፍያና አናት ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚከፈት ከሆነ ደብሊው ዲ አር (ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥን) 120 ዲሲቤል የሚል ካሜራ ጠይቁ፤ ያለዚያ ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይዋ ከኋላው ስትሆን የገባው ሰው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው ሲያልቅ ርክክቡን ማታ አድርጉት። የግቢው መብራት ይጥፋ፣ አንድ ሰው ከውጭ ይግባ፣ ከዚያ በቀጥታ የሚታየውን ሳይሆን የተቀዳውን መልሳችሁ እዩ። መጠባበቂያው እንዲፈተን ቆጣሪውን ለግማሽ ሰዓት አጥፉ። ኢንተርኔቱን ንቀሉና መቅዳቱ መቀጠሉን አረጋግጡ። ከክፍያው ጥቂቱን ለሁለት ሳምንት ብታቆዩት ጥሩ ነው፤ ይህን ውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ጥሩ ገጣሚ በዚህ አይከፋም። የገጠማው ዋስትናም ከዕቃው ዋስትና ተለይቶ ይጻፍ፤ ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ነውና።

ጥያቄ፦ ከበሩ ርቆ ያለው አንዱ ካሜራዬ ቀን ጥሩ ይሠራል። ማታ ግን ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ካሜራው ነው ብሎ በአዲስ ቀየረው፤ አዲሱም እንደዚያው ሆነ። (ከለቡ)

መልስ፦ ካሜራው አይደለም። የሚደርሰው ቮልት አንሶበት ነው። ሲጨልም ካሜራው የኢንፍራሬድ መብራቱን ስለሚያበራ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 50 ሜትር ርቆ፣ ግማሽ አምፔር ከሳበ፣ መንገድ ላይ 1.7 ቮልት ይጠፋል፤ ከ12 ቮልቱ የሚደርሰው 10.3 ነው። ሽቦው አሉሚኒየም ከሆነ ወደ 9.3 ይወርዳል። 10 በመቶ ዝቅታ ብቻ የሚችል ካሜራ ደግሞ ከ10.8 በታች ሲሆንበት ራሱን ያጠፋል። ሲጠፋ መብራቱም ስለሚጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ ካሜራው ይነሳል፣ ኢንፍራሬዱን ያበራል፣ እንደገና ይወድቃል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያድራል።

ቴክኒሻኑ ማታ፣ ካሜራው እየሠራ ሳለ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ በመልቲሜትር ይለካ። ቀን የሚለካው ቁጥር አይጠቅምም። መጀመሪያ ግን መገጣጠሚያዎቹን ያያል፤ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ አንድ ክረምት ካለፈበት ይዝግና ብቻውን ይህን ችግር ያመጣል። መገጣጠሚያው ደህና ከሆነ መፍትሔው ሽቦውን ወደ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መቀየር ነው፤ ጥፋቱ ወደ 0.6 ቮልት ይወርዳል። ሌላው ለዚያ ካሜራ ብቻ አጠገቡ አዳፕተር ማስገባት ነው። ፓወር ሳፕላዩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አዙሮ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ግን አይፈቀድለት፤ የሩቁን ያድን ይሆናል፣ የቅርቦቹን ግን ሊያቃጥል ይችላል።

አዲስ ለሚያስገቡ ሰዎች፦ ፒኦኢ በሚባለው አሠራር መብራቱም ምስሉም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ይሄዳሉ። ቮልቱ 48 አካባቢ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚባክነው ጥቂት ነው፣ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ይህን ምረጡ።

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ በግማሽ ሰዓት ካሜራው በሙሉ ይጠፋል። ዩፒኤስ አለው፤ ተጭበርብረን ይሆን? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ነው ያልተሠራው። መቅጃው 15 ዋት፣ አራት ካሜራ በ6 ዋት 24፣ የኢንተርኔት ራውተሩ 10 ዋት ነው ብንል ድምሩ ወደ 50 ዋት ይመጣል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። አዲስ ሆኖ እንኳ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ግማሽ ሰዓት ከሰጠ ጥሩ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ፣ 8 ሰዓት እንዲቆይ ከፈለጋችሁ 400 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ዲፕ ሳይክል (ደጋግሞ እንዲራገፍ የተሠራ) ባትሪ ከትንሽ ኢንቨርተር ጋር ይበቃል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ግማሹን ብቻ ነው የቆጠርነው። የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ 50 አምፔር ሰዓቱ ያንኑ ይሠራል። የመኪና ባትሪ አታስገቡ፤ ለሞተር ማስነሻ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በተደጋጋሚ እስከ ታች ሲራገፍ በወራት ውስጥ ይሞታል። ራውተሩ መጠባበቂያው ላይ መሰካቱንም እዩ። ካሜራው እየቀዳ ራውተሩ ከጠፋ ስልካችሁ ምንም አያሳይም።

ጥያቄ፦ እናቴ ቦሌ ቡልቡላ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ትኖራለች። ካሜራ አስገጥሜላት ስልኬ ላይ አያለሁ። ሰሞኑን ገጣሚውን ስጠይቀው እሱም ስልኩ ላይ እንደሚያይ ነገረኝ፤ “ለጥገና እንዲመች ነው” አለኝ። ልክ ነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ዛሬውኑ ይስተካከል። ብዙ ገጣሚ መቅጃውን መጀመሪያ በራሱ ስልክ ላይ ባለው አካውንት ያስመዘግብና ለባለቤቱ “ሼር” ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ የካሜራው ባለቤት እሱ ነው። ማየት ብቻ ሳይሆን እርስዎን ማስወጣትም ይችላል። ይህን ያድርጉ፦ ገጣሚው መሣሪያውን ከራሱ አካውንት ይሰርዘው። እርስዎ በራስዎ ኢሜይል በተከፈተ አካውንት፣ መቅጃው ሥር በተለጠፈው ኪውአር ኮድ ያስገቡት። ከዚያ የመቅጃውን የአድሚን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ቀጥሎ መቅጃው ውስጥ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይከፈትና የማያውቁት ስም ካለ ይጥፋ። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋ መመለሻ የሚሆነው ኢሜይልም የእርስዎ ይሁን። ለጥገና ከተፈለገ ባለሙያው ቤት መጥቶ፣ እናትዎ ባሉበት ይግባ።

ፖርት ፎርዋርዲንግ የተባለ ነገር ራውተሩ ላይ ከፍቶ ከሆነ ይዘጋ። የመቅጃውን በር ለዓለም ሁሉ መክፈት ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የቻይናው ካሜራ አምራች ሂክቪዥን በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ያለ የይለፍ ቃል ከርቀት ትእዛዝ ለመስጠት የሚያስችል ክፍተት እንዳለ አስታውቆ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል። ያን ያላስገባና ፖርቱ የተከፈተ መሣሪያ ዛሬም ክፍት ነው። ስለዚህ ገጣሚው ፈርምዌሩን (የመሣሪያውን የውስጥ ሶፍትዌር) ወደ መጨረሻው እትም እንዲያሳድግ ይጠይቁ።

ምስሉ ከተቆራረጠብዎ ስልክዎ ላይ ሰብ ስትሪም (ቀለል ያለ ምስል) የሚለውን ይምረጡ፤ በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። መቅጃው ውስጥ ያለው ጥራት አይቀንስም።

እናትዎ የትኛው ክፍል እንደሚታይ ይወቁ፤ ሠራተኛዋም እንዲሁ። የሠራተኛዋ መኝታ፣ መታጠቢያ ቤትና ልብስ የሚቀየርበት ቦታ ካሜራ አይገባበትም። የሳሎኑ ካሜራ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ድምፁን አጥፉት፤ እናትዎ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡና ሲጠጡ የሚያወሩት እንዲቀዳባቸው አይፈልጉም። በመጨረሻም ሜሪላንድ ያለ ሰው ሌሊት ማንቂያ ቢደርሰው ሮጦ አይደርስም። አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጎረቤት ቢሆን ይመረጣል፣ ማንቂያው ስልካቸው ላይ ይግባ።

ጥያቄ፦ ማንቂያና ካሜራ ካስገባን ዘበኛችንን ማሰናበት እንችላለን? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ አንመክርም። ካሜራ ይመሰክራል፣ ማንቂያ ይጮኻል፤ በር ላይ ወጥቶ “ማነው?” የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይልቅ ሥርዓቱ ዘበኛውን እንዲያግዝ ተደርጎ ይሠራ። በእጁ ገመድ አልባ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ይኑረው፤ እናንተም አልጋችሁ አጠገብ። ከጥሪ ማእከል ጋር ይገናኛል የሚሏችሁ ድርጅቶች ካሉ፣ ሌሊት ማን ስልክ እንደሚያነሳና ከዚያ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ አንድ ሌሊትም ደውላችሁ ፈትኑ። በማንኛውም ሁኔታ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መሆኑን ዘበኛውም ሠራተኛዋም ይያዙ።

ማንቂያው ራሱ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ውስጡ ያለው ሲም ካርድ ሒሳብ ያልቅበታል፣ ማንም አያስታውሰውም፤ በወር አንድ ቀን ወስናችሁ አስጩኹትና ስልካችሁ ላይ መደወሉን እዩ። የብረት በር ላይ የሚገጠመው፣ በሩ መከፈቱን የሚያስታውቀው ማግኔት ለብረት በር የተሠራው ወፍራሙ ይሁን፤ ለእንጨት በር የተሠራውን ትንሹን ማግኔት ብረቱ ጉልበቱን ይስብበትና በሩ ተዘግቶም ክፍት ነው ይላል። እንቅስቃሴ የሚይዘው ሴንሰር ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከምድጃ ዞር ብሎ ይሰቀል። ሙቀት ሲለዋወጥበት ስለሚደነግጥ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በከንቱ ይጮኻል። በከንቱ የሚጮኽ ማንቂያ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ራሱ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በሬ ላይ ካሜራ ላደርግ ስል ጎረቤቶች ተቃወሙ። (ከሰሚት)

መልስ፦ ኮሪደሩ የጋራ ነው፤ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እርስዎ ብቻዎን የሚወስኑበት አይደለም። የሕንፃውን ኮሚቴ በጽሑፍ ይጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የሌላ ሰውን መግቢያና መውጫ እየቀዱ ማቆየት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እስከዚያው በበሩ ቀዳዳ ላይ የሚገጠም፣ ደወል ሲደወል ብቻ የሚቀዳ ዲጂታል ማያ አለ። ከውስጥ ደግሞ በሩ ላይ ማግኔትና ሳይረን ያድርጉ። ለኮንዶሚኒየም ከካሜራው በፊት ገንዘቡን ጥሩ ቁልፍና ጠንካራ የበር ፍሬም ላይ ብታውሉት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ አጥራችን ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ጎረቤታችን ደግሞ ያለ ማሽን ቀጥታ ከቆጣሪ አስቀጥሎታል፤ “እሱስ አይጮኽም” ይለናል። (ከገርጂ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ የሰው ሕይወት ነው። ትክክለኛው ማሽን ከፍ ያለ ቮልት ቢሆንም በሰከንድ አንዴ ገደማ፣ እጅግ አጭር ምት ብቻ ነው የሚልከው፤ የነካ ሰው ይደነግጣል፣ በሁለቱ ምቶች መካከል እጁን ይነቅላል። ቀጥታ 220 ቮልት ግን አያቋርጥም፤ ጡንቻን አጨማድዶ ይይዛል፣ ይገድላል። ኳስ ሊያወርድ አጥር ላይ የወጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ጎረቤታችሁን ዛሬ ንገሯቸው፤ እምቢ ካሉ ለወረዳውና ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

የእናንተ ክረምት የሚጮኸው መጀመሪያ በቡገንቪላው ወይም አጥሩ ላይ በተንጠለጠለው ሐረግ ነው፤ እርጥብ ቅጠል ሽቦውን ሲነካ ኃይሉ ወደ መሬት ያልፋል። ግንቦት ውስጥ ይከርከም። ሁለተኛው መያዣ ፕላስቲኮቹ ናቸው፤ በፀሐይ ከተሰነጠቁ ውኃ ይገባባቸዋል፤ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ብታዩ ብልጭ የሚለው ቦታ ይታያችኋል። ሦስተኛው ከማሽኑ ወደ አጥሩ የሚወጣው ኬብል ነው። ለዚሁ የተሠራው ወፍራም ሽፋን ያለው መሆን አለበት። ተራ የመብራት ገመድ ሽፋኑ ይህን ቮልት አይችልም፣ ግድግዳ ውስጥ ያፈሳል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ መሬቱ ሲደርቅ አርዙ (ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት) ይደክምና አጥሩ ዝም ብሎ ይሰቀላል። አንድ ዘንግ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት የመሬት ዘንጎች ተራርቀው ይቀበሩ፣ ከቤቱ አርዝ ጋርም አይገናኙ። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በየ10 ሜትሩ ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ በጥምቀት ቀን ሌባ ገባብን። ፖሊስ ቪዲዮ ጠየቀን፤ ሰዓቱና ቀኑ ግን አልገጠመልንም፣ ተምታታብን። (ከፈረንሳይ ለጋሲዮን)

መልስ፦ መቅጃው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀንና 24 ሰዓት ነው። ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ለእሱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 21፡00፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 02፡00 ነው። የሰዓት ቀጠናው ፕላስ 3 ላይ ይሁን፤ የበጋ ሰዓት (ዲ ኤስ ቲ) የሚለው ምርጫ ይጥፋ፤ ከኢንተርኔት ሰዓት መውሰዱ ይብራ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ አልቃለች፤ ትቀየር።

አሁን ግን ምስሉን ሳትገለብጡ ሰዓቱን አታስተካክሉ፤ የድሮውና የአዲሱ ሰዓት ይደራረብና ፍለጋው ይባስ ይመሰቃቀላል። በስልካችሁ የመቅጃውን ስክሪንና ትክክለኛ ሰዓት የሚያሳይ ሌላ ስልክ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ልዩነቱ በዚያ ይታወቃል። ከዚያ ጉዳዩ ከሆነበት ሰዓት ከግማሽ ሰዓት በፊት እስከ ግማሽ ሰዓት በኋላ ያለውን የሁሉንም ካሜራ ምስል ወደ ሁለት ፍላሽ ገልብጡ፤ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለእናንተ። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ አይበቃም። ዲስኩ በራሱ ላይ ሊቀዳበት የቀረውን ቀን ቁጠሩ፤ ካጠራጠራችሁ መቅጃውን ዛሬ አጥፉትና ለመገልበጥ ብቻ አብሩት።